ስለ ማይክሮዌቭ ትራንዚስተርና ቀጥ ብሎ ስለማይሄደው ሕጉ የተደረገ ንግግር



የማኅበሩ ጸሐፊ ለዛሬው ጉባኤ ንግግር እንድናዘጋጅ በጠየቀን ጊዜ «ስለ ሠራችሁት ሥራ ተናገሩ» ነበር ያለን። እውነቱን ለመናገር የሠራነው ጥቂት ነው፤ ያቃጠልነው ግን ከሠራነው ይልቅ ብዙ አስተምሮናል። ስለዚህ ከተቃጠለው ዕቃ መጀመሩ ይሻላል ብለን ተስማማን። ንግግሩን ያዘጋጀነው አራት ሆነን ነው፤ የሚያነበው አንዱ ቢሆንም ስሕተቱ የአራታችንም መሆኑን አስቀድማችሁ እንድታውቁልን እንለምናለን።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት ቄራ ውስጥ፥ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለ ግቢ፥ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከከተማው የከብት ማረጃ መሆኑን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ክፍላችን በአንድ ወገን ከሉካንዳ ቤት ጋራ ግድግዳ ትጋራለች፤ በሌላው ወገን መስኮቷ ሲከፈት የአንድ ፎቅ ጣራና በጣራው ላይ የቆሙት የሞባይል አንቴናዎች ይታያሉ። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ፥ በሥጋ ሚዛኑና በአንቴናው፥ መካከል የሚመላለስ ነው።

የመመረቂያ ሥራችን አንድ የማይክሮዌቭ ኃይል ማጉያ መሥራት ነበር፤ በ1800 ሜጋኸርትዝ ላይ 10 ዋት የሚያወጣ። ለዚህ ሥራ ከጋሊየም ናይትራይድ የተሠራና በ28 ቮልት የሚሠራ አንድ ትራንዚስተር አስፈለገን። ዕቃው በከተማው ገበያ ስላልተገኘልን መዋጮ አዋጣን፤ የአንዱ ጓደኛችን አክስት ከአሜሪካ ሲመጡ በሻንጣቸው ይዘውልን መጡ። ሲሰጡንም «ልጆች፥ ለዚች የጣት ጥፍር ለምታህል ነገር ነው ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣችሁት?» ብለው ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን።

ፋብሪካው ከዕቃው ጋራ አንድ ሰንጠረዥ ያወጣል። ሰንጠረዡ ትራንዚስተሩ በያንዳንዱ ፍሪኰንሲ ላይ፥ እጅግ ትንሽ ምልክት ሲገባበት፥ ምን ያህል እንደሚያጐላና ምን ያህሉን ወደ ኋላ እንደሚመልስ የሚናገር ነው። በዚህ ተመርኵዘን ሰርኪዩቱን በኮምፒዩተር ነደፍን፤ ሠራነውም። በትንሽ ምልክት ስንለካው ከስሌታችን ጋራ አንድ ሆነ። ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ ቡናም ተፈላ። ከቡናው በኋላ የሚገባውን ምልክት እየጨመርን ብንሄድ የሚወጣው ኃይል 4 ዋት ላይ ደርሶ ወዲያ አልሄድም አለ። «ገና አልጠገበም» ብለን ጨመርን። ደግመን ጨመርን። በጌቱ በኩል ከቶ መኖር የማይገባው ጅረት ብቅ አለ፤ ጥቂት ቆይቶም ሁሉም መለኪያ ዜሮ ሆነ። ጭስ አልነበረም። ሽታም ኖሮ እንደ ሆነ ቄራ ላይ ማን ይለየዋል።

መቃጠሉ ካስተከዘን በኋላ ነው ከሁሉ በፊት መሥራት የነበረብንን ስሌት የሠራነው፤ ያውም በአንድ ሽሮ ቤት ደረሰኝ ጀርባ ላይ። ነገሩ እንዲህ ነው። ትራንዚስተሩ በ28 ቮልት ይሠራል፤ ነገር ግን የድሬኑ ቮልቴጅ እስከ ዜሮ ሊወርድ አይችልም፤ 4 ቮልት ገደማ ሲደርስ ወለሉን ይነካል። ስለዚህ ምልክቱ ወደ ታች ሊወዛወዝ የሚችለው 24 ቮልት ብቻ ነው። በ24 ቮልት 10 ዋት ለማውጣት የጭነቱ መጠን 24 በ24 ተባዝቶ ለ20 መካፈል አለበት፤ ይኸውም 29 ኦም ገደማ ይሆናል። እኛ ግን ሰንጠረዡ ለከፍተኛ ማጉላት የጠየቀንን 72 ኦም ነበር የሰጠነው። 24 በ24 ለ144 ሲካፈል ደግሞ 4 ዋት ነው። ትራንዚስተሩ 4 ዋት ላይ የቆመው ስላልጠገበ ሳይሆን ወለሉን ስለ ነካ ነበር፤ እኛ ደግሞ በጀርባው ላይ መጫናችንን ቀጠልን።

ሰንጠረዡ ዋሸን? አልዋሸንም። በትንሽ ምልክት የሚለው ሁሉ እውነት ነበር፤ ስለ ትልቁ ግን አልጠየቅነውም፤ ብንጠይቀውም መልስ የለውም።

ይህን ነገር በይበልጥ ያስረዳን ጎረቤታችን ሉካንዳው ነው። እዚያ በሞላ የሚሠራ አንድ ተንጠልጣይ ሚዛን ነበር። ግማሽ ኪሎ ሲሰቀልበት ሞላው ጥቂት ይሳባል፤ አንድ ኪሎ ሲሰቀል የዚያን እጥፍ ይሳባል። አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረው ልጅ ሙሉ የበሬ ታፋ ሰቀለበት። መርፌው እስከ መጨረሻው ዞሮ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ታፋ ቢሰቀልም የሚናገረው ያንኑ ቁጥር ነው። በማግሥቱ ባዶውን ሲታይ ደግሞ መርፌው ወደ ዜሮ አልተመለሰም። ባለ ሉካንዳው «ትናንት የተሸከመው አልለቀቀውም» አሉና ሚዛኑን አወረዱት። ይህችን ቃል ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

እንግዲህ ወደ ትራንዚስተሩ እንግባ። ፊልድ ኢፌክት ትራንዚስተር ሦስት ጫፎች ያሉት ዕቃ ነው። ኤሌክትሮኖች ሶርስ ከሚባለው ጫፍ ተነሥተው ድሬን ወደሚባለው ይሄዳሉ። በመካከል ጌት፥ ማለት በር፥ አለ። ይህ በር መተላለፊያውን የሚያጠበውና የሚያሰፋው በኤሌክትሪክ መስኩ ነው። ሐሳቡን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1952 ዊልያም ሾክሌይ በጽሑፍ አብራራው፤ በ1966 ካርቨር ሚድ በጋሊየም አርሰናይድ ላይ የብረት ጌት ያለውን አሳየ፤ በ1980 ደግሞ በጃፓን አገር በፉጂትሱ ታካሺ ሚሙራና ባልደረቦቹ ኤሌክትሮኖቹ ያለ ብዙ እንቅፋት የሚሮጡበትን ሄምት የሚባለውን ሠሩ። የኛ የተቃጠለው ትራንዚስተር የዚህ የሄምት ዘር ነው።

ኮምፒዩተር ትራንዚስተር ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቀመር ብቻ ነው። የጌቱንና የድሬኑን ቮልቴጅ ተቀብሎ ጅረቱ ስንት እንደ ሆነ የሚመልስለትን ቀመር ሞዴል ብለን እንጠራዋለን። ሊኒየር ሞዴል ማለት ሞላው ገና በመጠን ሲሳብ ያለው ሕግ ነው፤ ግቢው እጥፍ ሲሆን ውጭው እጥፍ ይሆናል። ኖንሊኒየር ሞዴል ግን ታፋ ሲሰቀልበትም የሚሆነውን መናገር አለበት።

ለማይክሮዌቭ ትራንዚስተር ከተጻፉት ከነዚህ ቀመሮች እጅግ የታወቀው ዋልተር ከርቲስ በ1980 ያወጣው ነው። ማይክሮፎን ይዘን ቀመር ማንበብ እንደማይመች እናውቃለን፤ ነገር ግን ይህ አጭር ስለ ሆነ ታገሡን፤

ጅረት = ቤታ × (የጌት ቮልቴጅ − የመዝጊያ ቮልቴጅ) በራሱ ተባዝቶ × (1 + ላምዳ × የድሬን ቮልቴጅ) × ታንጀንት ሃይፐርቦሊክ (አልፋ × የድሬን ቮልቴጅ)

የመጀመሪያው ክፍል በሩ ሲከፈት ጅረቱ እንዴት እንደሚያድግ ይናገራል። የመጨረሻው ክፍል ደግሞ የድሬኑ ቮልቴጅ ሲጨምር ጅረቱ መጀመሪያ ሽቅብ ወጥቶ ኋላ ሜዳ ላይ እንደሚተኛ ያሳያል። ታንጀንት ሃይፐርቦሊክ የተመረጠው ከፊዚክስ ሕግ ስለ ወጣ አይደለም፤ ቅርጹ ስለሚመስልና በየትም ቦታ ስለማይሰበር ነው። ይህ እንደ ነውር የሚቈጠር አይደለም። የከብት ነጋዴ በሬውን ዐይቶ፥ ሻኛውንና ወገቡን ዳብሶ ክብደቱን ሲገምት የበሬውን አጥንትና ሥጋ ለይቶ አይቈጥርም፤ ከብዙ በሬዎች ያገኘው ልምድ ይበቃዋል።

ከከርቲስ በኋላ የመጡት ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉንም አንዘረዝርም። በ1987 ሄርማን ስታትዝና ባልደረቦቹ ባወጡት ሞዴል ጅረቱ ከመዝጊያው አጠገብ በካሬ አድጎ ወዲያ ግን ወደ ቀጥታ መስመር ይመለሳል፤ በጌቱ ዙሪያ ስለሚከማቸውም ቻርጅ በጥንቃቄ ያስባል። በ1991 ዴቪድ ሩትና ጓደኞቹ ከነጭራሹ ቀመሩን ትተው የተለካውን ቁጥር በሰንጠረዥ አስቀምጠው ኮምፒዩተሩ በመካከሉ እያለሰለሰ እንዲያነብ አደረጉ። ይህ መንገድ በተለካው ክልል ውስጥ እጅግ ታማኝ ነው፤ ከክልሉ ሲወጡ ግን መንገዱን እንደ ሳተ እንግዳ ይሆናል።

አሁን ወደ ራሳችን ሙከራ እንመለስ። ትልቁ ትራንዚስተር ከተቃጠለ በኋላ ሌላ የምንገዛበት ገንዘብ አልነበረንም። ከመካከላችን አንዱ ግን አንድ መልካም ነገር አሰበ። በየቤቱ ጣራ ላይ ያለው የሳተላይት ዲሽ በአፉ ላይ ኤልኤንቢ የምትባል ዕቃ አለችው። በውስጧ ከ10 ጊጋኸርትዝ በላይ የሚመጣውን ደካማ ምልክት የሚቀበሉ ትንንሽ የማይክሮዌቭ ትራንዚስተሮች አሉ። የተበላሸች ኤልኤንቢ ደግሞ ማንም የማይፈልጋት ቁራጭ ብረት ናት። ከዲሽ ጠጋኞች ዘንድ እየለመንን ሰበሰብን። አንዱ ጠጋኝ «እናንተ ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁት ቁራሌው ከሚሰበስበው ምን ትፈልጋላችሁ?» ቢለን ሥራውን አስረዳነው፤ ከዚያ ወዲህ በፌስታል ሞልቶ ያቈይልናል። ከእነዚህ ውስጥ ትራንዚስተሮቹን በብየዳ ብረት ስናወጣ የመጀመሪያዎቹ ሞቱብን፤ ከጣታችን በሚወጣ በማይታይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እንደሚሞቱ አላወቅንም ነበርና። ኋላ እጃችንን ከመሬት ጋራ በሽቦ አስረን መሥራት ጀመርን።

የመጀመሪያው ልኬታችን ጉድ አሳየን። የጌቱን ቮልቴጅ ጥቂት በጥቂት እየለወጥን ጅረቱን ስንጽፍ ኩርባው በአንድ ቦታ ላይ ዘሎ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ አዲስ የተፈጥሮ ሕግ ያገኘን መስሎን ነበር። ኋላ አንዱ ጓደኛችን እጁን ወደ ሽቦው ሲያስጠጋ መርፌው ሲዘል አየንና አፈርን። ትራንዚስተሩ በረዥም ሽቦዎቻችን ተጠቅሞ በጊጋኸርትዝ የሚቈጠር ማዕበል በራሱ እያመነጨ ነበር፤ እኛ የምንለካው ያንን ነበር እንጂ የጅረቱን ሕግ አልነበረም። ሽቦውን አሳጠርን፤ በጌቱ መንገድ ላይ ትንሽ ሬዚስተር፥ በሽቦው ላይ የፌራይት ዶቃ ጨመርን፤ ኩርባው ተስተካከለ። በማይክሮዌቭ ትራንዚስተር ላይ የምትሠሩ ጓደኞቻችን፥ መርፌው ሲዘል ለኖቤል ሽልማት ከመጻፋችሁ በፊት እጃችሁን አስጠግታችሁ እዩ።

የተስተካከለውን ኩርባ ከከርቲስ ቀመር ጋራ አስተያየነው። ጅረቱን ብቻ ለተመለከተ ሰው ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ መስመሮቹ ይደራረባሉ። እኛም ልንረካ ነበር። ነገር ግን የጅረቱን ዴሪቬቲቭ፥ ማለት በጌቱ ቮልቴጅ ላይ ጥቂት ሲጨመር ጅረቱ በስንት እንደሚጨምር፥ ለይተን በሣልነው ጊዜ ነገሩ ሌላ ሆነ። በቀመሩ መሠረት ይህ ቁጥር በሩ በተከፈተ መጠን እያደገ መሄድ አለበት። የለካነው ግን መጀመሪያ አደገ፤ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ከዚያም ወረደ። ቅርጹ የደወል ቅርጽ ነው። ጅረቱ ላይ ያለው ልዩነት በዐይን የማይታይ ትንሽ ነበር፤ በዴሪቬቲቩ ላይ ግን አንዱ ሽቅብ አንዱ ቁልቁል ሄዱ።

ይህ ለምን እንደሚያስጨንቅ በምሳሌ እንናገር። በማጉያው ውስጥ ሁለት ምልክቶች፥ አንዱ በ1800 ሁለተኛው በ1801 ሜጋኸርትዝ፥ አብረው ይግቡ እንበል። ሕጉ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ሁለት ገብተው ሁለት ይወጡ ነበር። ሕጉ ስለሚታጠፍ ግን ማንም ያልጠራቸው ሁለት እንግዶች በ1799 እና በ1802 ላይ አብረው ይወጣሉ። እነዚህ እንግዶች የጎረቤት ሰው በሚነጋገርበት ቻናል ላይ ስለሚቀመጡ በማጣሪያ ማውጣት አይቻልም። የገባው ኃይል እጥፍ ሲሆን እነርሱ ስምንት እጥፍ ያድጋሉ። መጠናቸውን የሚወስነውም በመጀመሪያ ደረጃ የጅረቱ ሦስተኛ ዴሪቬቲቭ ነው። ስለዚህ ጅረቱን በትክክል የሚናገር ሞዴል ስለ እንግዶቹ ፍጹም ሐሰት ሊናገር ይችላል። በ1990 ስቲቨን ማስ ከአንድ ባልደረባው ጋራ ያስገነዘበው ይህንኑ ነበር፤ እኛ ግን ጽሑፉን ያነበብነው ስሕተቱን ከሠራን በኋላ ነው።

በስዊድን አገር በቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ኢልቾ አንጀሎቭና ባልደረቦቹ በ1992 ያወጡት ሞዴል የተነሣው ከዚህ ከደወሉ ቅርጽ ነው። በጌቱ በኩልም ታንጀንት ሃይፐርቦሊክን አስገቡ፤ በውስጡም የቮልቴጁን ፖሊኖሚያል አኖሩ። የዚህ ቀመር ዴሪቬቲቭ በራሱ ደወል ይሠራል፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሳይሰበሩ ይገኛሉ። የዲሽ ትራንዚስተራችንን በዚህ ቀመር ስንሞክረው ደወሉ በደወሉ ላይ ተቀመጠ። በጫፎቹ ላይ አሁንም ጥቂት ይለያያሉ፤ አልደበቅነውም፤ ሥዕሉ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ከንግግሩ በኋላ ቀርባችሁ ተመልከቱት።

ሞዴሉ ከተገኘ በኋላ በኮምፒዩተር ሲሙሌሽን ውስጥ መግባት አለበት። ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ስፓይስ የተባለው ፕሮግራም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በበርክሌይ የተወለደ ነው፤ ሥራውም ጊዜን በትንንሹ እየቈረሱ ደረጃ በደረጃ መቍጠር ነው። አሁን የኛን ሁለት ምልክቶች በዚህ መንገድ ብንቈጥራቸው፥ የሁለቱ ልዩነት 1 ሜጋኸርትዝ ስለ ሆነ አንድ ሙሉ ዙር አንድ ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል፤ በዚህ ውስጥ 1800 ሞገዶች አሉ፤ ለያንዳንዱ ሞገድ 20 ነጥብ ብንሰጠው 36,000 ደረጃ መውጣት ነው። ሰርኪዩቱ እስኪረጋጋ ድረስ ደግሞ ብዙ ዙር መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የማይክሮዌቭ ሰዎች ሐርሞኒክ ባላንስ ወደሚባለው ወደ ሐርሞኒክ ሚዛን ሄዱ። በዚህ መንገድ ቀጥ ያለው የሰርኪዩቱ ክፍል በፍሪኰንሲ ይሰላል፤ ትራንዚስተሩ ብቻ በጊዜ ይሰላል፤ በመካከላቸው ፉሪየር እንደ አስተርጓሚ ይመላለሳል። በያንዳንዱ ፍሪኰንሲ ላይ ከሁለቱ ወገን የሚመጣው ጅረት እስኪመጣጠን ድረስ ግምቱ ይታረማል። ሥራው ከሉካንዳው ሚዛን የተለየ አይደለም፤ ለያንዳንዱ ፍሪኰንሲ አንዳንድ ሚዛን መስቀል ነው። ለዚህ የሚሆኑ ፕሮግራሞች ሁሉ በውድ የሚሸጡ መስሎን ነበር፤ ዛይስ የተባለው ግን ለማንም ክፍት ነው፤ ሐርሞኒክ ባላንስንም ይሠራል። ኤንጂስፓይስም ክፍት ነው፤ የስታትዝን ሞዴል በውስጡ ይዟል።

«ትናንት የተሸከመው አልለቀቀውም» ወዳልናት ቃል እንመለስ። ጋሊየም ናይትራይድ ብርቱ ነው፤ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይችላል። ነገር ግን ትዝታ አለው። ከፍ ያለ የድሬን ቮልቴጅ ሲያርፍበት አንዳንድ ኤሌክትሮኖች በላዩና በውስጡ ባሉ ጉድለቶች ይያዛሉ፤ እንደ ተጨማሪ ጌት ሆነውም መተላለፊያውን ያጠብባሉ። ቮልቴጁ ከወረደ በኋላም ወዲያው አይለቁም። ስለዚህ በዝግታ የተለካው ጅረትና ትራንዚስተሩ በሥራ ላይ ሳለ የሚሰጠው ጅረት አንድ አይደሉም። ሙቀቱም እንዲሁ ነው፤ እየለካን ሳለ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ጅረቱ ይቀንሳል፤ የለካነው የሞቀውን ነው። መድኀኒቱ በአጭር ምት መለካት ነው፤ ቮልቴጁን ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሰጥቶ፥ አንብቦ፥ ወደ መነሻው መመለስ፤ ሙቀቱም የተያዙትም ኤሌክትሮኖች ለመለወጥ ጊዜ እንዳያገኙ። እኛ የሠራነው መምቻ እስካሁን ሁለት ማይክሮ ሰከንድ ላይ ነው። ገና ይቀረናል።

አሁን ወደ መስኮታችን እንሂድ። ሞባይል በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ትውልድ በ2007፥ አምስተኛው ደግሞ ለሙከራ በግንቦት 2014 ዓ.ም. መጣ። ትውልድ በተለወጠ ቁጥር ምልክቱ ይበልጥ እንደ ተራራና ሸለቆ ሆነ። በአራተኛውና በአምስተኛው ትውልድ የምልክቱ ጫፍ ከአማካዩ ሰባትና ስምንት ጊዜ፥ አንዳንዴም አሥር ጊዜ ይበልጣል። ማጉያው ለጫፉ ተሠርቶ ብዙውን ጊዜ ሸለቆ ውስጥ ይውላል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የሚበላው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከከተማ ርቆ በናፍጣ ጀኔሬተር በሚሠራ ጣቢያ ላይ ይህ ሙቀት ናፍጣ ነው፤ ናፍጣውም በመኪና ተጭኖ አቀበት የወጣ ነው።

ለዚህ ችግር ዊልያም ዶኸርቲ በ1936 ለራዲዮ ጣቢያ ያሰበው ዘዴ ዛሬ በሞባይል ጣቢያዎች ላይ ተስፋፍቶ ይገኛል። ሁለት ማጉያ ጐን ለጐን ይቆማል፤ አንዱ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ሁለተኛው ተኝቶ ጫፉ ሲመጣ ብቻ ይነሣል። ጓደኞቻችን፥ እዚህ ላይ አስቡልን። ሁለተኛው ትራንዚስተር በትንሽ ምልክት ጊዜ ተዘግቷል። ተኝቶ የሚገኘውን ነገር በትንሽ ምልክት ሰንጠረዥ እንዴት አድርገን እንገልጸዋለን? እኛ የተማርንበት ሰንጠረዥ ስለዚህ ማጉያ ግማሽ አካል አንዲት ቃል እንኳ የለውም።

ፋብሪካዎች ለገዢዎቻቸው የኖንሊኒየር ሞዴል ፋይል እንደሚሰጡ እናውቃለን። ብዙውን ጊዜ ግን ፋይሉ የተቈለፈ ነው፤ ከፍተን ምን እንዳሰበ ልናይ አንችልም፤ የሚሠራውም በተወሰኑ በሚሸጡ ፕሮግራሞች ነው። በዚህ ፋብሪካዎችን አንወቅስም፤ ልፋታቸው ነው። ቀመሩ ግን የተደበቀ ነገር አይደለም። በ2018 የሞዴል ደረጃ የሚያወጣው የኢንዱስትሪ ማኅበር ለጋሊየም ናይትራይድ ሁለት ሞዴሎችን፥ ኤኤስኤም ሄምት እና ኤምቪኤስጂ የሚባሉትን፥ እንደ ደረጃ ተቀበለ። እነዚህ እንደ አንጀሎቭ በቅርጽ ብቻ ሳይሆን ከፊዚክሱ የተነሡ ናቸው። የሚጎድለው በቀመሩ ውስጥ የሚገቡት ቁጥሮች ናቸው፤ እነዚህን ደግሞ ትራንዚስተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚለካ ሰው ብቻ ነው የሚያገኛቸው። በዚህ በኩል መንገዱን የሄዱበት አሉ። በጀርመን አገር በካሰል ዩኒቨርሲቲ በ2008 የታተመ፥ የጋሊየም ናይትራይድ ሄምትን የትልቅ ምልክት ሞዴል ለሊኒየር የኃይል ማጉያ ንድፍ የሚያዘጋጅ አንድ የዶክትሬት ጽሑፍ አግኝተናል። በሽፋኑ ላይ ያለው ስም እንዳልካቸው ሸዋረጋ መንግሥቱ ነው። ጽሑፉን ስንከፍት በሌላ ርእስ የጠፋን መስሎን ስሙን ሁለት ጊዜ አነበብነው። ከዚያ በኋላ በክፍላችን ውስጥ «ይህ ነገር ለኛ አይደለም» የሚል ክርክር ተነሥቶ አያውቅም።

የሚቀረን አንድ ጉዳይ ነው። አክስታችን ለገና እንደገና ይመጣሉ። «ያ ያመጣሁላችሁ ዕቃ ምን ደረሰ?» ብለው በስልክ ሲጠይቁን እውነቱን ነገርናቸው፤ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ሁለተኛው ለምን እንደማይቃጠል ንገሩኝ፤ ከዚያ አመጣለሁ» አሉን። ይህ ጥያቄ ከማንኛውም የፈተና ጥያቄ የሚከብድ ሆኖ አግኝተነዋል። መልሳችንን እስካሁን በሦስት ገጽ ጽፈናል፤ 29 ኦሙ፥ የጌቱ ጅረት ሲነሣ ወዲያው የሚያጠፋው መከላከያና በዛይስ የተሰላው የሁለቱ እንግዶች መጠን በውስጡ አለ። መምህራኖቻችን ገጾቹን ተመልክተው ስሕተት ያለበትን በቀይ እንዲያሰምሩልን እንለምናለን። የተበላሸ ኤልኤንቢ በቤቱ ያለው ጓደኛም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቄራ ቢያመጣልን፥ ከሉካንዳው ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በር ነው።